የማታ እንጀራ የተሰጠው ተከላካይ

እናቴ ስትመርቀኝ ሁሌም "የማታ እንጀራ ይስጥህ" ነው ምትለኝ። ድሮ ብዙም አስቤበት አላውቅም፣ አሜን ብዬ ወደ ጉዳዬ ነበር ምሄደው። ሰላሳን ካለፍኩ ወዲህ ግን ምርቃቱ ውስጤ እየገባ መጣ፣ ምክንያቱም በጠዋቱ ያላለፈለት ሰው ተስፋው ያለው ማታው ላይ ነው። እና ይሄን ምርቃት በሰማሁ ቁጥር ፊቴ ድቅን የሚለው ጆዜ ፎንቴ ነው፣ ፖርቱጋላዊው መሀል ተከላካይ። ስለሱ ልጻፍ ልጻፍ እያልኩ ስንት ጊዜ ትቼዋለሁ፣ ዛሬ ይውጣልኝ።

ከሐምሌ 3 ቀን 2008 ማታ ልጀምር (ከዚህ በኋላ ያለውን ቀን፣ ወርና ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ ነው ምጽፈው)። እሁድ ነበር፣ ዝናቡ ሲያወርደው ውሎ ማታ ላይ ጋብ ብሏል፣ ሰፈር ያለችው ዲኤስቲቪ ቤት አግዳሚው ሞልቶ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። የዩሮ 2016 ፍጻሜ፣ ፈረንሳይ ከፖርቱጋል፣ ስታድ ደ ፍራንስ። ገና በ25ኛው ደቂቃ ሮናልዶ ጉልበቱን ይዞ በቃሬዛ ሲወጣ፣ ያ ሁሉ የእሳት ራት ፊቱ ላይ ሲያርፍ የነበረውን ታስታውሱታላችሁ፣ ግማሹ ሰው "በቃ አለቀ" አለ፣ ጃኬቱን ለብሶ የወጣም ነበር። እኔ አልወጣሁም። እኔ ስቶፐር ነኝ፣ ኳስ ሳይ አይኔ ኳሷን ትቶ ወደ ኋላ ነው ሚሄደው፣ ተከላካዮቹ የት ቆሙ፣ ማን ማንን ያወራል፣ ማን እጁን ዘርግቶ አጥቂው የት እንዳለ በመዳፉ ይፈትሻል። ያን ማታ አይኔ የቀረው ከፔፔ ጎን የነበረው ባለ 4 ቁጥር ላይ ነው።

ፔፔን ሁሉም ያውቀዋል፣ ይንደረደራል፣ ይዘላል፣ ይጮሃል፣ ካሜራውም አይለቀውም። አጠገቡ ያለው ፎንቴ ግን ብዙ ሰው ስሙን እንኳን አያውቀውም ነበር፣ ጎኔ የተቀመጠው ልጅ "ይሄ ማነው ደሞ?" ብሎ ጠይቆኛል። ያኔ 32 ዓመቱ ነው። በ92ኛው ደቂቃ ጂኛክ ፔፔን አዙሮ ጥሎት የመታት ኳስ ብረት መታ ወጣች፣ ቤቱ በሙሉ እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ፣ ከዛ በተጨማሪ ሰዓት በ109ኛው ደቂቃ ኤደር ከሩቅ መትቶ አገባ። ሰው ሁሉ ስለ ኤደር ያወራል፣ ማውራትም ይገባዋል። እኔ ግን ከጎሏ በኋላ ያለችውን አስር ምናምን ደቂቃ ነው ማልረሳው፣ ፈረንሳይ ኳስ እያሻማች፣ እነሱ እየመለሱ፣ እነሱ እየመለሱ። ያላየው ሰው ተከላካይነት ምን እንደሆነ በኔ ወሬ አይገባውም።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ፎንቴ በምድብ ጨዋታዎቹ የመጀመሪያ ተሰላፊ አልነበረም። በሶስቱም ጨዋታ ከፔፔ ጎን የጀመረው የ38 ዓመቱ ሪካርዶ ካርቫልሆ ነው። ከአይስላንድ 1 ለ 1፣ ከኦስትሪያ 0 ለ 0፣ ከሀንጋሪ ደሞ ሶስቴ እየተመሩ ሶስቴ አቻ እያደረጉ 3 ለ 3። አንድም ጨዋታ ሳያሸንፉ በሶስተኝነት ነው ያለፉት። አሰልጣኙ ፌርናንዶ ሳንቶሽ ከዛ በኋላ ካርቫልሆን አስቀምጦ ፎንቴን አስገባ። ከክሮሺያ 120 ደቂቃ ተጫውተው አንድም አልገባባቸውም፣ ክሮሺያ ብረት መትታ ከተመለሰባት በኋላ ነው ኳሬዝማ በ117ኛው ደቂቃ በቴስታ የጨረሰው። ከፖላንድ ጋር ገና በሁለተኛው ደቂቃ ሌቫንዶቭስኪ አገባ፣ ከዛ በቃ፣ ተዘጋ፣ ሬናቶ ሳንቼዝ አቻ አደረገ፣ በፔናሊቲ አለፉ። ከዌልስ ጋር ፔፔ ተጎድቶ ሳይሰለፍ ፎንቴ ከብሩኖ አልቬስ ጋር ተጣመረ፣ 2 ለ 0። ከዛ ፍጻሜው። ደመርኩት፣ ፎንቴ የተሰለፈባቸው አራት ጨዋታዎች 450 ደቂቃ ናቸው፣ የገባባቸው ጎል አንድ ነው። በምድቡ ሶስት ጨዋታ አራት ገብቶባቸው ነበር። ፖርቱጋል ያን ዋንጫ ስትበላ "የማያምር ኳስ" ብለው ስንት ሰዎች አጣጣሉት። የትም ፍጪው ዱቄቱን አምጪው አይደል ሚባለው፣ ዱቄቱን ያመጡት እነዚህ ኋላ የቆሙት ናቸው።

ግን ፎንቴ ስታድ ደ ፍራንስ የደረሰበት መንገድ ነው ከሁሉም በላይ እኔን ሚይዘኝ።

የተወለደው በ1983 መጨረሻ ላይ ነው፣ ፔናፊዬል ሚባል ከተማ፣ ከፖርቶ ብዙም ሳይርቅ። አባቱ አርቱር ኳስ ተጫዋች ነበር፣ ታናሽ ወንድሙ ሩዪም ተጫዋች ሆኗል። ያደገው ስፖርቲንግ ሊስበን ታዳጊ ቡድን ውስጥ ነው። የስፖርቲንግ አካዳሚ ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ያን የፓሪስ ፍጻሜ ማየት በቂ ነው፣ በእለቱ ሜዳ ከገቡት 14 ፖርቱጋላውያን አስሩ እዛ ያለፉ ናቸው፣ ሮናልዶ፣ ናኒ፣ ኳሬዝማ፣ ሞቲንሆ፣ ፓትሪሲዮ፣ ሁሉም። ልዩነቱ እነ ሮናልዶና ኳሬዝማ ገና በአስራዎቹ ዋናው ቡድን ገብተው ዓለም ሲያውቃቸው፣ ፎንቴ እዛው ቢ ቡድን ውስጥ ቀረ። አስቡት፣ እኩያህ ማንቸስተር ዩናይትድ ገብቶ በየቴሌቪዥኑ ታየዋለህ፣ አንተ ነገ የት እንደምትጫወት አታውቅም።

ከዛማ ሻንጣ መሸከም ነው። ፌልጌራስ ሄደ፣ ቪቶሪያ ሴቱባል ሄደ። በ2006 ቤንፊካ ሲወስደው አለፈለት ተብሎ ነበር፣ ግን በቤንፊካ ማሊያ አንድም ኦፊሴላዊ ጨዋታ ሳያደርግ በውሰት ፓሶስ ዴ ፌሬራ፣ ከዛ ኤስትሬላ ዳ አማዶራ፣ በ2007 ደሞ ባህር ተሻግሮ ክሪስታል ፓላስ፣ ያኔ ፓላስ ሁለተኛው ሊግ ቻምፒዮንሺፕ ውስጥ ነበር። በሶስት ዓመት ውስጥ ስንት ቤት፣ ስንት የልብስ መስቀያ ክፍል፣ ስንት አዲስ አሰልጣኝ። ቀልጣፋ አጥቂ ከሆንክ ባንድ ጨዋታ ሁለት ጎል አግብተህ ስምህን ታስተዋውቃለህ። ተከላካይ ግን የሚታወቀው አብሮ በመቆየት ነው፣ በረኛው ድምጽህን ሲለምድ፣ ጎንህ ያለው ልጅ ሳያይህ የት እንዳለህ ሲያውቅ። በየስድስት ወሩ ቡድን ምትቀይር ተከላካይ ሁሌ እንግዳ ነህ።

ይሄን ከራሴም ነው ማውቀው። የሱን ያህል ባልጫወትም አንድ የክፍለ ሀገር ቡድን ውስጥ ለአንድ ዓመት ከምናምን ተጫውቻለሁ፣ የወራት ደሞዝ ሳይከፍሉን ሜዳ እየገባን፣ አሰልጣኝ ሁለት ጊዜ ተቀይሮ። ሁለተኛው ሲመጣ ስሜን ሳይጠይቀኝ ነው ያስቀመጠኝ። ወደ ቤቴ ተመልሼ ከአውቶቡስ ስወርድ ሻንጣዬን የተቀበለችኝ እናቴ ምንም አልጠየቀችኝም፣ ያችኑ ምርቃቷን ብቻ መረቀችኝ። የፎንቴን ታሪክ መከታተል የጀመርኩት ከዛ በኋላ ነው።

እና ጥር 2010። ፎንቴ 26 ዓመቱ ነው፣ ፓላስ የገንዘብ ችግር አንቆት ሊፈርስ ደርሷል፣ በ1.2 ሚሊዮን ፓውንድ አካባቢ ለሳውዝሃምፕተን ሸጠው። ሳውዝሃምፕተን ያኔ ሊግ ዋን ነው፣ ሶስተኛው እርከን፣ ያውም በኪሳራ ምክንያት 10 ነጥብ ተቀንሶበት የጀመረ ክለብ። በ26 ዓመትህ፣ በቤንፊካ በኩል ያለፍክ ሰው፣ አንድ ሊግ ዝቅ ብለህ ትፈርማለህ? ስንቱ "ክብሬን" ብሎ ይቀራል። እሱ ፈረመ።

የዚህ ክለብ ነገር ደሞ ታምር ነው ምትሉት። ሪኪ ላምበርት፣ አዳም ላላና፣ ሽናይደርላን ሶስተኛ እርከን ላይ አብረውት ነበሩ። ፎንቴ በገባ በሶስት ወሩ ዌምብሌይ ላይ ካርላይልን 4 ለ 1 አሸንፈው የፉትቦል ሊግ ትሮፊን በሉ፣ ትንሽ ዋንጫ ናት፣ ግን ከክለቡ መከራ በኋላ ለደጋፊው ትንሽ አልነበረችም። ያን ቀን ካገቡት አንዱ በውሰት የመጣው ሚካይል አንቶኒዮ ነው፣ ከዓመታት በኋላ ከፎንቴ ጋር ዌስትሃም ውስጥ ተገናኝተዋል። በ2011 ወደ ቻምፒዮንሺፕ አደጉ፣ በ2012 ወደ ፕሪሚየር ሊግ። ሁለት ዓመት፣ ሁለት እርከን። ፎንቴ ፕሪሚየር ሊግ ሲደርስ 28 ዓመቱ ነበር፣ በዛው ዓመት ጥቅምት ላይ ከፉልሃም 2 ለ 2 ሲወጡ ሁለቱንም ያገባው እሱ ነው፣ ሁለተኛዋን 90ኛው ደቂቃ ላይ። መሀል ተከላካይ ባንድ ጨዋታ ሁለት! ያቺን ጨዋታ በድጋሚ ነው ያየሁት፣ አሁንም አልፎ አልፎ አያታለሁ።

ከዛ 2014 ክረምት መጣ። ሳውዝሃምፕተንን ያራቆቱበት ክረምት። ላላና፣ ላምበርትና ሎቭረን ሊቨርፑል፣ ሉክ ሾው ዩናይትድ፣ ቻምበርስ አርሰናል፣ አሰልጣኙ ፖቸቲኖ ቶተንሃም። ሎቭረን የፎንቴ የጎን ጓደኛ ነበር። ሰው ሁሉ "ዘንድሮ ይወርዳሉ" አለ፣ እኔም ፈርቼ ነበር። አዲሱ አሰልጣኝ ኩማን መጣ፣ የአምበልነቱን ጨርቅ ለፎንቴ ሰጠው። ወቅቱ ሲያልቅ ሳውዝሃምፕተን ሰባተኛ ነበር፣ በ38 ጨዋታ የገባበት ጎል 33 ብቻ፣ ከሱ ያነሰ የገባበት ሻምፒዮኑ ቼልሲ ብቻ ነው፣ እሱም 32። በቀጣዩ ዓመት ስድስተኛ ሆኑ። ጎኑ የነበሩትን ሰዎች ደሞ ተመልከቱ፣ መጀመሪያ ሎቭረን፣ ከዛ በውሰት የመጣው አልደርቬይረልድ፣ ከዛ ቫን ዳይክ። ሶስቱም በጊዜያቸው ትልልቅ ክለብ የገቡ ናቸው። ቀኝና ግራው እየተቀያየረ መሀሉ ላይ የቆየው ምሰሶ እሱ ነው። ቫን ዳይክ ከስኮትላንድ ሲመጣ አምበል ሆኖ የተቀበለው ፎንቴ ነው፣ ፎንቴ ሲሄድ ደሞ ጨርቁን የወረሰው ቫን ዳይክ ነው።

የብሔራዊ ቡድን ማሊያ ለመጀመሪያ ጊዜ የለበሰው በህዳር 2014 ነው፣ ኦልድ ትራፎርድ ላይ ከአርጀንቲና፣ ተቀይሮ ገብቶ፣ 31 ሊሞላው አንድ ወር ሲቀረው። በዛ ጨዋታ ሜሲም ሮናልዶም ስለነበሩ ሁሉም ስለሁለቱ ነው ያወራው። እኔ እስከዛሬ ማስበው የዛን ሰውዬ ልብ ነው፣ ዳር ላይ ቆሞ ቁጥሩ እስኪነሳ ሲጠብቅ። ከሊግ ዋን ሜዳ እዛ መስመር ላይ እስኪቆም አምስት ዓመት አልፈጀበትም፣ ከስፖርቲንግ ታዳጊ ቡድን ካሰላነው ግን ከአስር ዓመት በላይ ነው። በዚህ መሀል ስንት ቀን "ይበቃኛል" ሳይል አልቀረም ብዬ አስባለሁ።

ከዩሮው በኋላ ያለውን ቶሎ ልለፈው። በጥር 2017 በ8 ሚሊዮን ፓውንድ ዌስትሃም ገባ፣ የመጀመሪያ ጨዋታው ከማንቸስተር ሲቲ ነበር፣ 4 ለ 0 ተሸነፉ፣ ፔናሊቲም የሰጠው እሱ ነው። ከዛ ጉዳት። በ2018 መጀመሪያ ቻይና፣ ዳሊያን ዪፋንግ፣ ቡድኑ ሊጉን የከፈተው 8 ለ 0 በመሸነፍ ነው። ብዙ ሰው እዛጋ ፎንቴን ዘጋው፣ 34 ዓመት፣ ቻይና፣ አለቀ ብሎ። እሱ ግን በዛው ክረምት የዓለም ዋንጫ ላይ ከፔፔ ጋር አራቱንም ጨዋታ ጀመረ፣ ከስፔን 3 ለ 3 የወጡበትን ጨምሮ፣ ከዛም ተመልሶ አውሮፓ ገባ፣ በነጻ፣ የፈረንሳዩ ክለብ ሊል።

ሊል! እዚህ ጋ ትንሽ ልቀመጥ። ክለቡ ከሱ በፊት በነበረው ወቅት ከመውረድ ለጥቂት ነው የተረፈው። ጋልቲዬ ልጆች ሰብስቦ ሚሰራ አሰልጣኝ ነው፣ መሀላቸው ላይ ደሞ ይሄን ሽማግሌ ተከለ፣ በመጀመሪያው ዓመት ሁለተኛ ወጡ። በ2020/21 ጎኑ የቆመው ስቬን ቦትማን ሚባል የሆላንድ ልጅ ነው፣ ከአያክስ ወጣት ቡድን የመጣ፣ በእድሜ ከፎንቴ በ16 ዓመት ያንሳል። ቴሌቪዥኑ ተመልካች ስለሌለ ድምጻቸውን ያሰማችሁ ነበር፣ ኮቪድ ስለነበረ ስታዲየሙ ባዶ ነው፣ እና ፎንቴ 90 ደቂቃ ሙሉ ሲያወራ ትሰሙታላችሁ። ሳይታክት። ኳሷ ሌላኛው ግማሽ ሜዳ እያለች እንኳን በእጁ እያሳየ፣ ውጣ፣ ተመለስ፣ ጠብብ። ቋንቋውን አልሰማም ግን ምን እንደሚል በደንብ ይገባኛል፣ እኔም እሁድ እሁድ ሜዳችን ላይ እሱኑ ነው ምጮኸው። በዛ ወቅት በ38 ጨዋታ 23 ጎል ብቻ ነው የገባባቸው፣ በረኛው ሜኞን በ21 ጨዋታ መረቡን አላስደፈረም። ሚያዝያ ላይ ፒኤስጂን ፓሪስ ድረስ ሄደው 1 ለ 0 አሸነፉ። የመጨረሻው ቀን ግንቦት 23 አንዤ ላይ 2 ለ 1፣ በ83 ነጥብ፣ ፒኤስጂ በ82። እነ ኔይማርና ምባፔ ያሉበትን ቡድን በአንድ ነጥብ! አምበሉ 37 ዓመቱ ነው፣ በህይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሊግ ሻምፒዮን ሆኖ ዋንጫውን ከፍ አደረገ። እኔ ቤቴ ብቻዬን ነበርኩ፣ አልደብቃችሁም፣ እንባዬ መጣ።

ከሁሉም ግን እኔ በልቤ ለይቼ ያስቀመጥኳት ሌላ ምስል አለች። ሰኔ 9 ቀን 2019፣ ፖርቶ፣ ድራጋዎ ስታዲየም፣ የመጀመሪያው የኔሽንስ ሊግ ፍጻሜ፣ ፖርቱጋል ከሆላንድ። ፔፔ በግማሽ ፍጻሜው ትከሻው ተጎድቶ ስለወጣ ከሩበን ዲያዝ ጋር የጀመረው ፎንቴ ነው። በሌላ በኩል የሆላንድ አምበል ቫን ዳይክ። ከስምንት ቀን በፊት ከሊቨርፑል ጋር የቻምፒየንስ ሊግ ዋንጫ የበላ፣ ያኔ በዓለም ከሱ ሚበልጥ ተከላካይ የለም ሚባልለት፣ በዋጋውም ሪከርድ የሰበረ። እና ሁለቱ፣ ሳውዝሃምፕተን አንድ መስመር ላይ ትከሻ ለትከሻ የቆሙት፣ አሁን ፊት ለፊት። አንዱ በነጻ የተዘዋወረ የ35 ዓመት ሰው፣ አንዱ 75 ሚሊዮን ፓውንድ። ጉዌዴስ አገባ፣ 1 ለ 0 አለቀ፣ ፎንቴ ከተወለደባት ከተማ ጥቂት ርቀት ላይ ባለ ሜዳ ሁለተኛውን የአውሮፓ ዋንጫ ከሀገሩ ጋር በላ።

ለብሔራዊ ቡድኑ 50 ጨዋታ አድርጓል። አንዷም ሰላሳ ዓመት ሳይሞላው የተጫወታት አይደለችም። ሀምሳውም ከዛ ወዲህ ናቸው። ከሊል በኋላ በ2023 ወደ ሀገሩ ተመልሶ ብራጋ ገባ፣ ቻምፒየንስ ሊግ ምድብ ውስጥ እነ ሪያል ማድሪድና ናፖሊ በነበሩበት፣ 40ኛ ልደቱን እዛው አከበረ፣ በወሩ የሊግ ካፑን በሉ፣ ከዛ በ2024 ካዛ ፒያ ሄደ።

እኔ አሁንም እሁድ ጠዋት እጫወታለሁ። ሜዳችን ላይ አንድ የ19 ዓመት ልጅ አለ፣ ከኔ ጎን ሚቆም፣ ቁመናው ጥሩ፣ ኳስ ሚያነብ፣ ዘንድሮ ሙከራ የሄደበት ክለብ መልሶት አንገቱን ደፍቶ ሰነበተ። ባለፈው እሁድ ጨዋታው ካለቀ በኋላ ታኬታችንን እየፈታን ስልኬን አውጥቼ ያችን የፉልሃሟን ጨዋታ አሳየሁት፣ 90ኛው ደቂቃ፣ በቀይና ነጩ ማሊያ እጁን ዘርግቶ ሚሮጠውን። "ስንት ዓመቱ ነው?" አለኝ። ሀያ ስምንት አልኩት። ስልኩን ከእጄ ወስዶ እንደገና ከመጀመሪያው አስጀመረው።